ስለ አገልግሎቶች መቀናጀት፤ ከሰቆጣ የተወሰደ ምሳሌ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ለየብቻ የተሠሩ የኮምፒውተር አገልግሎቶች ተቀናጅተው አንድ ጉዳይ እንዲፈጽሙ የማድረግ ጥበብ በክፍላችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ምሳሌው ግን ዘወትር የአውሮፕላን ቲኬትና የሆቴል አልጋ ነው። እኛ ዛሬ ምሳሌያችንን ከሰቆጣ እንወስዳለን።

በ2007 ዓ.ም. በከተማይቱ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲታወጅ፣ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ መንግሥት ቃል ገባ። ለዚህም ጤናው፣ እርሻው፣ ውሃውና ትምህርቱ በአንድነት ሊሠሩ ነው። ይህ ራሱ የማቀናጀት ጥያቄ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጉዳይ ብቻ እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በዋግ ኽምራም ሲሠራ የቆየ ነው። ተረጂው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ልጇ በምግብ እጥረት የተጎዳባት እናት ግን ለጊዜው ከሥራው ነጻ ሆና ርዳታውን እንድታገኝ በፕሮግራሙ ተደንግጓል። የሕፃኑን ክንድ የሚለካው ጤና ኬላው ሲሆን፣ የተረጂዎቹን ስም የሚይዘው የእርሻው ወገን ነው። ወሬው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ካልተሻገረ እናቲቱ ሕፃኑን አዝላ ድንጋይ ትሸከማለች።

ይህን ለኮምፒውተር መስጠት ቀላል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው ደብልዩ ኤስ ቢፔል 2.0 የተባለው ቋንቋ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ ይህን ጥራ፣ መልሱን ጠብቅ፣ ከዚያም ያንን ጥራ ይላል። እንቅፋት ሲገጥም የሚደረገውንም ጸሐፊው አስቀድሞ አስቦ መጻፍ አለበት። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ እንደሚዘልቅ ማን አስቦ ይጽፍ ነበር?

ስለዚህ የተሻለ የሚመስለን ሌላው መንገድ ነው። ለመኪናው ግቡን ብቻ እንነግረዋለን፤ እያንዳንዱ አገልግሎት ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚሰጥም እናስመዘግባለን፤ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያወጣል። ኔትዎርክ ካለ በኔትዎርክ፣ ከሌለ በስልክ መልእክት፣ ያም ካልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትጽፈው ወረቀት ይልካል።

በዚህም ቢሆን ገና አልዳንን። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ሌላው ሐይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ብሎ ሲመዘግብ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለመኪናው ግን ሦስት ነው። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራምም በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን አልመዘግብም ይላል። (ይህን በራሳችን የቤት ሥራ ላይ አይተን ስቀናል፤ ጤና ኬላ ላይ ግን አያስቅም።)

ከመካከላችን ውሳኔውም ጭምር ለመኪና ይተው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። መንገዱን መኪናው ይፈልግ፤ የእናትን ስም ከርዳታ መዝገብ የሚሰርዝ ግን ፈርሞ የሚጠየቅ ሰው ይሁን።

መምህራኖቻችን ከፈቀዱልን የመመረቂያ ሥራችን ይህ አንድ ጉዳይ ይሆናል። እናቶቹን በቋንቋቸው ለመጠየቅ የኽምራ አገውኛ የሚችሉ ጓደኞች ያስፈልጉናልና፣ ፈቃደኞች የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን።