ካቻቢቴ ከመጨበጥ በፊት

በአሜሪካ አገር በሠራተኞች ማኅበርና በአሠሪዎች ኅብረት በሚመራው ሥርዓት የኤሌክትሪክ ሙያ ሊማር የሚሻ ወጣት፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከመጨበጡ አስቀድሞ፣ በ46 ደቂቃ 33 የሒሳብ፣ በ51 ደቂቃም 36 የንባብ ጥያቄዎችን ያለ ሒሳብ መኪና ይመልስ ዘንድ ግድ ይሆንበታል።

ለእጅ ሥራ አልጀብራ ምን ያደርጋል የሚል አይታጣም፤ ነገር ግን በ120 ቮልት መስመር 1,800 ዋት የሚስብ ምድጃ ሲሰካ 15 አምፔር እንደሚያልፍ በማካፈል ሳያረጋግጥ ቀጭን ሽቦ የዘረጋ ሰው፣ ግድግዳውን ለእሳት እንዳሰናዳ ይቆጠራል።

በዋሽንግተን አካባቢ ሌሊቱን በሥራ አድረው ጎሕ ሲቀድ መጽሐፍ ለሚገልጡ ወገኖቻችን ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከሒሳቡ ይልቅ የሚያዳግተው ንባቡ ነው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛውን ቃል ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ ደቂቃ እየተቈጠረ ረጅሙን አንቀጽ ዘልቆ ምሥጢሩን ማውጣት ሌላ ነው። የቀድሞ መምህሮቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበርና፣ ሕፃኑን ከፊደል አንሥተው በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ከዝግታ ወደ ቅልጥፍና እያሳደጉ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ ኋላም በቁም ንባብ ያመላልሱት ነበር (አርጩሜውን ለጊዜው እንተወው)። ተፈታኙም እንዲሁ አንዱን ገጽ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ሰዓት ይዞ፣ በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ ቃል ለጓደኛው እየተረከ ቢለማመድ ይበጀዋል።

የፈተናው ውጤት ከ1 እስከ 9 ይመዘናል፤ 4ና ከዚያ በላይ ያገኘ ለቃለ መጠይቅ ይበቃል፤ በዚያም ደግሞ ስለ ራስ መናገር ይጠብቀዋል።