ጭነት የያዘ ብስክሌት የፊት ጎማ መርገብገብ፤ ምክንያቱና መከላከያው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኃይል ማመንጫ መናገር የተለመደ ሲሆን፣ እኔ የመረጥሁት ርእስ ስለ ብስክሌት ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ለአንድ ድልድይ ስሌት ብዙ መሐንዲሶች ሲጨነቁ፣ የዕለት እንጀራውን በብስክሌት ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው የሚያሰላለት መሐንዲስ ጥቂት ነው። ሰውዬው ቢወድቅ አደጋው ከእርሱና ከቤተሰቡ አልፎ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍር ይሆናል፤ ከባድነቱ ግን በዚህ አይቀንስም።

ጉዳዩን ከቦታ ጋር ለማያያዝ ወልቂጤንና ቡታጅራን ልጥቀስ። ሁለቱ ከተሞች የጉራጌን ሰንሰለታማ ተራሮች በመካከል አድርገው፣ ወልቂጤ በምዕራብ፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ይገኛሉ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ በድልድዩ አጠገብ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ፣ ማለትም ዛሬ ባቱ ወደሚባለው ከተማ የሚሄደውም መንገድ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ያዘቀዝቃል። በከተማው ሜዳ ላይ ያለ እንከን ሲሄድ የዋለ ብስክሌት ጠባዩን የሚለውጠው እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው።

ነገሩ የሚታየው እንደሚከተለው ነው። ጓዝ የጫነው ብስክሌት ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ አንዲት ትንሽ ጠጠር ወይም የነፋስ ሽውታ ትበቃና መሪው ግራና ቀኝ መርገብገብ ይጀምራል። የመርገብገቡ ድግግሞሽ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይደርሳል። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እየሰፋ ሄዶ መላውን የብስክሌቱን አካል ያናውጠዋል። ነጂው በድንጋጤ መሪውን አጥብቆ ሲጨብጥ መርገብገቡ ወደ ክንዱና ወደ ትከሻው ይዘልቃል እንጂ አይቆምም።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የፊት ጎማውን ነው። ቸርኬው ተጣሟል፣ ወይም ክብደቱ በዙሪያው እኩል አልተከፋፈለም ይባላል። ይህን ግምት በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። የተለመደው ባለ 28 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሴኮንድ 2.3 ጊዜ፣ በ36 ኪሎ ሜትር 4.5 ጊዜ፣ በ54 ኪሎ ሜትር 6.8 ጊዜ ይዞራል። ጥፋቱ የጎማው ቢሆን ኖሮ የመርገብገቡ ድግግሞሽ ከፍጥነቱ ጋር በዚሁ መጠን ከፍና ዝቅ ማለት ነበረበት። በተግባር የሚታየው ግን ፍጥነቱ ቢለወጥም ድግግሞሹ ከሞላ ጎደል በነበረበት መቆየቱ ነው። እንግዲያው የተጣመመ ጎማ መርገብገቡን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሥሩ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሊቃውንትም ይህን ሥር ሲፈልጉ ረዥም ጊዜ ወስደዋል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዊፕል እ.ኤ.አ. በ1899 የብስክሌትን የእንቅስቃሴ ሒሳብ ሲያዘጋጅ፣ የብስክሌቱን አካላትና ጎማዎቹን ፈጽሞ የማይለመጡ አድርጎ ገምቷቸው ነበር። ስሌቱ ብስክሌት ሳይወድቅ ስለ መቆሙ ብዙ ቢያስረዳም፣ መርገብገቡን በሚገባ አይገልጥም። ሃንስ ፓሴይካ እ.ኤ.አ. በ1966 በሆላንድ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ የጎማ ላስቲክ በዚህ ክሥተት ያለውን ድርሻ አብራራ። ሮቢን ሻርፕም እ.ኤ.አ. በ1971 የሞተር ብስክሌትን መርገብገብ ከሌሎቹ የመዋዠቅ ዓይነቶች ለይቶ በሒሳብ አሳየ። በብስክሌት ላይ ማንፍሬድ ፕሎክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የብስክሌቱ አካል መለመጥ ወሳኝ መሆኑን አመልክተዋል።

የነገሩ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። የመሪው ዘንግ ወደ መሬት ቢዘረጋ፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ጥቂት ቀድሞ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ጎማው ወደ ጎን ሲያዘነብል መሬቱ ገፍቶ ወደ መካከል ይመልሰዋል። ነገር ግን ላስቲኩ የጎን ኃይሉን የሚያገኘው ጥቂት ተንከባሎ ከተለመጠ በኋላ ስለሆነ፣ የሚመልሰው ኃይል ዘግይቶ ይደርሳል። በመዘግየቱም ጎማው መካከሉን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። የሆስፒታል አልጋ በፍጥነት ሲገፋ ትንሿ ጎማው የምትርገበገበው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በብስክሌት ላይ ደግሞ ሲጠመዘዝና ሲመለስ እንደ ሞላ የሚያገለግለው ራሱ የብስክሌቱ አካል ነው።

ለመርገብገቡ የሚያስፈልገው ኃይል የሚመነጨው ከጉዞው ነው። ነጂው 60፣ ብስክሌቱ 20፣ ጭነቱ 40 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ጠቅላላው 120 ኪሎ ግራም 800 ሜትር ሲወርድ 940 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይለቅቃል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ጊዜ ግን በእንቅስቃሴ መልክ የያዘው 6 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ለነፋስ፣ ለፍሬንና ለመንገዱ የሚከፈል ነው። ከዚህ ብዙ ሀብት ጥቂቱ ወደ መሪው ቢዞር ሰውን ለመጣል ከበቂ በላይ ነው።

ጭነቱ ችግሩን የሚያባብሰው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በአቀማመጡም ነው። በቡታጅራ ያነጋገርሁት አንድ የብስክሌት ጠጋኝ የአንድ ደንበኛውን የፊት ቸርኬ ሁለት ጊዜ ቢለውጥም መርገብገቡ አልቀረም ነበር። «ኢንጂነር፣ ጎማው ደኅና ነው፤ በሽታው ግን አልለቀቀውም» አለኝ። ደንበኛው የበርበሬ ጆንያውን ከኋላ መጫኛው ላይ ከፍ አድርጎ የሚያስር ሲሆን፣ መጫኛው በእጅ ሲገፋ ግራና ቀኝ ይወላውል ነበር። መጫኛው በሰያፍ ብረት ተደግፎ፣ ጭነቱም ለሁለት ተከፍሎ በጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ሲታሰር ብስክሌቱ ጸጥ አለ። የተለወጠው ቸርኬ ዋጋ ግን ከደንበኛው ኪስ ወጥቶ ቀርቷል።

ከዚህ በመነሣት መከላከያውን ከርካሹ ጀምሬ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጭነት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ብስክሌቱ መካከል ተጠግቶ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖና እንዳይወዛወዝ ጠብቆ ይታሰር። ከመሪው ላይ ዕቃ ማንጠልጠል አይገባም። ከፊት መጫን ግድ ከሆነ በጎማው ሁለት ጎን ዝቅ ብሎ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መጫኛው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይደገፍ። ይህ ለማንኛውም የብረት በያጅ ቀላል ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የመሪው አንገትና የጎማዎቹ ኩሽኔታዎች ይፈተሹ። የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ አንገቱ ላይ መንቋቋት ቢሰማ ልል ነው ማለት ነው። የጎማው ሽቦዎች ውጥረትና የጎማው ነፋስም አብረው ይታዩ።

አራተኛ፣ የላይኛው አግዳሚ ብረት የሌለው ብስክሌት በቀላሉ ስለሚጠመዘዝ ለከባድ ጭነትና ለረዥም ቁልቁለት አይመረጥም።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም መርገብገቡ ቢነሣ፣ ነጂው የላይኛውን አግዳሚ ብረት በጉልበቶቹ ጨብጦ ይያዝ። ሥጋና ጡንቻ የመርገብገቡን ኃይል የሚውጡ ጥሩ ማብረጃዎች ናቸውና። ከኮርቻው ጥቂት ተነሥቶ ክብደቱን ወደ ፔዳሎቹ ያሳርፍ፤ መሪውን ሳይለቅ ጭብጡን ያላላ፤ ፍጥነቱንም በኋላ ፍሬን ቀስ በቀስ ይቀንስ። የፊት ፍሬንን በድንገት መያዝ ክብደቱን ሁሉ በሚርገበገበው ጎማ ላይ ስለሚጭን አደገኛ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ከላይ የዘረዘርሁት ዕውቀት አብዛኛው በመጻሕፍት የሚገኝ ሲሆን፣ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አልደረሰም። ጠጋኙ የሚያውቀው ቸርኬ መለወጥን፣ ነጂው የሚያውቀው መሪ አጥብቆ መያዝን ነው፤ ሁለቱም በቅን ልቡና የሚያደርጉት ነገር በሽታውን አይነካውም። ስለዚህ ማኅበራችን በአማርኛና በጉራግኛ አንድ ገጽ መመሪያ በሥዕል አዘጋጅቶ በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚገኙ ጠጋኞች እንዲያድል፣ የተደገፈ መጫኛ ንድፍም ለበያጆች እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪው አንድ ገጽ ወረቀትና ጥቂት የሥራ ቀን ነው። ንድፉን ለመሥራት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ የሚያግዙኝን ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ሳልወጣ ለመመዝገብ እፈልጋለሁ።