የሻጋታ ኢንዛይም ታስሮ ሲሠራ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከሻጋታ የሚገኙ ኢንዛይሞችን ከጠጣር አካል ጋር አስሮ የማሠራቱ ዘዴ ለወልቂጤና ለቡታጅራ፣ እነርሱንም ለመሰሉ ከተሞች የሚበጀው በየትኛው ሥራ ላይ ነው? በየትኛውስ አይበጅም?

እንደሚታወቀው ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። እርሾ ከአንዱ ሊጥ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ቢቀመጥ ራሱን ያበዛል፤ ኢንዛይም ግን አይራባም። በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ከሠራ በኋላ ከምርቱ ጋር ወጥቶ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ዙር ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ኢንዛይም በውጭ ምንዛሪ ለሚያስመጣ አገር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ኢንዛይሙን ከእንክብል ጋር ማሰር ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው፤ ፈሳሹ ያልፋል፣ ኢንዛይሙ ይቀራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ስኳርን የሚከፍለው ኢንቨርቴዝ በከሰል ላይ ተጣብቆም እንደሚሠራ አሳዩ። በ1969 ደግሞ የጃፓኑ ታናቤ ሴይያኩ ኩባንያ፣ በኢቺሮ ቺባታና በባልደረቦቹ ጥናት፣ ከአስፐርጊለስ ኦራይዜ ሻጋታ የተገኘውን አሚኖአሲሌዝ አስሮ ለአሚኖ አሲድ ምርት አዋለው። የታሰረ ኢንዛይም በፋብሪካ ደረጃ ሥራ የጀመረው በዚህ ነበር፤ የማምረቻው ወጪም በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

አሁን ወደ ጉራጌ አገር እንምጣ። በመጀመሪያ የሚታሰበው እንሰት ነው። ይሁን እንጂ ተፍቆ በጉድጓድ የሚብላላው እንሰት ጠጣርና ጭረታም ነው። የታሰረው ኢንዛይም በእንክብሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የሚሠራበት ነገር ሟሙቶ ወደ እርሱ መድረስ አለበት፤ ጭረት ደግሞ አይገባም። ከዚህም በላይ ቆጮን የሚያብላሉት ሕያዋን ተሕዋስያን በየዙሩ ያለ ዋጋ ይራባሉ። ስለዚህ የታሰረ ኢንዛይምን በእንሰት ጉድጓድ ላይ ማዋል ገንዘብን መቅበር ነው ብዬ አምናለሁ።

አጓት ግን ሌላ ነው። ከአይብ የሚተርፈው ይህ ፈሳሽ ላክቶስ ይዟል፤ በብዛት ወደ ወንዝ ቢደፋ የውኃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል። ከዚያው ከአስፐርጊለስ ኦራይዜ የሚገኘው ላክቴዝ ደግሞ በኮምጣጣ ፈሳሽ የሚሠራ በመሆኑ ለአገራችን አጓት ይስማማዋል። ላክቶሱ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ሲከፈል ፈሳሹ ይጣፍጣል፤ ለመጠጥ ማዘጋጃም ለእርሾ ማራቢያም ሊውል ይችላል። ሆኖም ጋላክቶሱ ራሱ የኢንዛይሙን ፍጥነት ይገታል፤ አጓቱም አስቀድሞ ካልተጣራ የአይብ ፍርፋሪና ቅባት እንክብሉን ይደፍኑታል።

የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ላለበት ከተማም ተስፋ አለ። በሞተ ግንድ ላይ የሚበቅለው ትራሜቴስ ቨርሲከለር የተባለው ፈንገስ የሚያመነጨው ላኬዝ፣ በአየር ኦክስጅን እየታገዘ ብዙ ማቅለሚያዎችን ያደበዝዛል። ነገር ግን ቀለሙ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከሕክምናው በኋላ የወጣው ውኃ በሕያዋን ላይ ሳይፈተን ወደ ወንዝ ሊለቀቅ አይገባም።

ሥራውን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኢንዛይሙን ከሶዲየም አልጂኔት ጋር ቀላቅሎ በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ እንክብል ይሰጣል፤ ይህም በማናቸውም የኮሌጅ ቤተ ሙከራ የሚቻል ነው። ይሁንና ፎስፌት ያለበት የማጠቢያ ፍሳሽ ካልሲየሙን ስቦ እንክብሉን ያፈርሰዋል። በንጹሕ ውኃ የተሳካ ሙከራ በከተማው ፍሳሽ ሊከሽፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት ለምትመራመሩ ባልደረቦቼ አደራዬ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ውጤት ብቻ አትንገሩን፤ እንክብሉ በሃያኛው ዙር ስንት እጅ ኃይሉን እንደያዘ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ እውነተኛ ፍሳሽም ስንት ብር እንዳስወጣ ንገሩን። ማሰር የሚጠቅመው የታሰረው ነገር ሲቆይ ብቻ ነውና።