የተተካው ድምፅ
ጂም የምትሠሩ ወጣቶች አርኖልድ ሽዋዚንገርን በጡንቻው ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ጊዜ ሚስተር ኦሎምፒያ የሆነ ኦስትሪያዊ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን አንደበቱ ነው። በፈረንጆቹ 1970 በወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ የጀርመንኛ ቅላጼው ስለከበደ የሌላ ሰው ድምፅ ተተካበት። አማርኛን በሶማሊኛ ቅላጼ የምንናገር ሰዎች ነገሩ ሳይገባን አይቀርም።

እሱ ትወና ተማረ። ከጓደኛው ከፍራንኮ ኮሎምቡ ጋር ግንበኝነት ሠርቶ፣ ቤት ገዝቶ ያከራይ ስለነበር የተሰጠውን ሚና ሁሉ ለመቀበል አልተገደደም። ይህን የሚያወራለት ጥቂት ነው፤ ጡንቻው ይጋርደዋል። በፈረንጆቹ 1984 «ተርሚኔተር» ላይ ሰው መሳይ ማሽን ሆኖ ሲተውን ግን ያ የተናቀ ቅላጼ ለማሽኑ ልክ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ እኮ በፊልሙ ውስጥ ብዙም አይናገርም!