ጀልባው ከመምጣቱ በፊት ተዳፋቱ



የዛሬው ርእሴ የቅንጦት ጀልባ ጉዞ ነው፤ በተለይም ባለጠጎች በሞቃት ባሕሮች ኮራልና በጠረፍ ደኖች መካከል የሚያደርጉት ውድ ጉዞ። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለምትገኘው ለሆሳዕና ከተማ ርእሱ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአካባቢያችን፣ ከሶሮና ከጠምባሮ ወረዳዎች ተዳፋት ግርጌ የጊቤ ሦስት ግድብ ያቆረው ትልቅ ውሃ ተኝቷል። በዳውሮ በኩል በዚሁ ውሃ ዳር ሐላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቶ እንግዳ በጀልባ ይንሸራሸራል። ነገ በእኛ በኩል ባለው ዳርቻ ጀልባ ላቁም የሚል ባለሀብት መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ምን እንጠይቀዋለን? እኛስ ምን አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን?

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እንግዳ ገንዘቡን የሚያወጣው ከጀልባው ላይ ሆኖ ለሚያየው ነገር ነው። ያ የሚታይ ነገር የሚድነውም የሚጠፋውም ከውሃው በላይ፣ በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ከጀልባው የሚገኘው ሀብት አስቀድሞ መድረስ ያለበት ለተዳፋቱ ጠባቂ ነው።

ከሩቁ ዓለም ልጀምር። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ታላቁ የኮራል አጥር እ.ኤ.አ. በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፊት ለፊቱ ያለው፣ ዴንትሪ የተባለውን ጥንታዊ ደን የሚያካትተው የሐሩር ዝናባማ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ተከተለው። በዚያ ጠረፍ ደኑ ቁልቁል ወርዶ ከባሕሩ አሸዋ ጋር ይገናኛል፤ ከአሸዋው ማዶ ኮራሉ ይጀምራል። መንገደኛው ጠዋት ከዓሣ መንጋ ጋር ሲዋኝ አርፍዶ ከሰዓት በኋላ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይሄዳል። በኢንዶኔዥያ ራጃ አምፓት ደግሞ 1,500 ገደማ ደሴቶች አሉ። በእነዚህ መካከል ፒኒሲ የሚባሉ ባለ ሸራ የእንጨት መርከቦች መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና ጠላቂ አስጎብኚ ይዘው ቀናት ይጓዛሉ። የመርከቦቹ አሠራር ጥበብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል።

የእነዚህ ጉዞዎች ዋጋ ከምን ይመጣል? ለስላሳ አልጋና ጥሩ ምግብ በየትኛውም ትልቅ ከተማ ሆቴል ይገኛል። መንገደኛውን ውቅያኖስ የሚያሻግረው ውሃው ጥርት ብሎ ኮራሉ በሕይወት መኖሩ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ጥቃቅን ፍጥረታት ተባብረው ከባሕር ውሃ ኖራ እየሳቡ ቤታቸውን ይገነባሉ። በአካላቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያድራል፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠራ ያካፍላቸዋል፤ ከቀለማቸውም አብዛኛውን የሚሰጣቸው እርሱ ነው። ውሃው ከለመዱት የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ልቆ ለሳምንታት ከቆየ አልጌውን ያስወጡታል፤ ኮራሉ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታል። ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ የማይሸፍነው ኮራል ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉን ያስጠልላል፤ ጥፋቱም በዚያው ልክ ይሰፋል።

የሙቀቱ ነገር የመላው ዓለም ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የኮራል ጠላት ግን ለእኛ ለገበሬ ልጆች በጣም የቀረበ ነው፤ እርሱም ደለል ነው። ኮራል ብርሃን ይፈልጋል። ከታረሰና ከተራቆተ ምድር የታጠበ አፈር ባሕሩን ሲያደፈርሰው ብርሃኑ ይቋረጣል፤ አፈሩ ሲሰክን ኮራሉን አፍኖ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት የአውስትራሊያና የኩዊንስላንድ መንግሥታት ኮራሉን ለማዳን ገንዘብ ይዘው የሄዱት ወደ ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችና ወደ ከብት አርቢዎች ጭምር ነው፤ የወንዝ ዳር እንዲያጥሩ፣ ቦረቦር እንዲደፍኑ፣ ማዳበሪያ በልክ እንዲጠቀሙ ይደግፏቸዋል። በራጃ አምፓትም በደሴቶቹ ላይ የተከፈተው የኒኬል ማዕድን ቁፋሮ ባሕሩን ያደፈርሳል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የኢንዶኔዥያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአራት ኩባንያዎችን ፈቃድ ሰረዘ። ሁለቱም አገሮች በተለያየ መንገድ አንድ እውነት ላይ ደርሰዋል፤ የባሕሩ ዕጣ የሚወሰነው በየብስ ነው።

ጀልባው ራሱም ከጥፋት ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በካይማን ደሴቶች የአንድ ባለጠጋ ግዙፍ ጀልባ የመልሕቅ ሰንሰለት 1,300 ካሬ ሜትር ገደማ ኮራል ማበላሸቱን የደሴቶቹ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ዘመናት የፈጀ ግንባታ በአንድ ሰንሰለት ጉተታ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ አገሮች ጀልባ መልሕቁን እንዳሻው እንዲጥል አይፈቅዱም፤ ከባሕሩ ወለል ጋር በታሰረ ተንሳፋፊ ላይ ገመዱን እንዲያስር ያስገድዱታል። የፓስፊኳ የደሴቶች አገር ፓላው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ እያንዳንዱን ጎብኚ በፓስፖርቱ ላይ በታተመ ቃል ኪዳን ታስፈርማለች፤ ጎብኚው የአገሪቱን ተፈጥሮ ላለመጉዳት የሚፈርመው ለልጆቿ ነው።

ኢትዮጵያም ለባሕር ባዳ አልነበረችም። ከምጽዋ ፊት ለፊት የሚገኙት ከ120 የሚበልጡ የዳህላክ ደሴቶች በኮራል የተከበቡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 በካርታችን ውስጥ ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የባሕር ኃይላችን አውራ መርከብ «ኢትዮጵያ» መነሻና መድረሻዋ ምጽዋ ነበር። ከንግድ መርከቦቻችን አንዷም «ጊቤ» ተብላ የአካባቢያችንን ወንዝ ስም ይዛ ውቅያኖስ አቋርጣለች። ዛሬም ወጣቶቻችን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የመርከብ ሙያ ተምረው በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። የጠፋውን ጠረፍ መቆዘም የዛሬው ዓላማዬ አይደለም። በእጃችን ያለውን ውሃ እንዴት እንያዘው የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውሃ በኦሞና በጊቤ ሸለቆ ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከሆሳዕና ወደዚያ ለመውረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። እንሰቱና ገብሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ግራርና ቁጥቋጦ ይተካቸዋል፤ ብርዱ በቆላ ሐሩር ይለወጣል። ድሮ ሰው ወባን፣ ከብት ገንዲን ፈርቶ የሚሸሸው ሸለቆ አሁን ገደል በግራና በቀኝ የቆመበት፣ ጠመዝማዛና ጸጥ ያለ የውሃ ጎዳና ሆኗል።

ኮራል የለንም፤ አለን ብለን እንግዳ ልንጠራም አይገባንም። ያለን ሌላ ነው፤ በአጭር ርቀት ከውሃ ወደ ደጋ የሚያወጣ ጉዞ። እንግዳው ንጋት ላይ በሸለቆው ውሃ ተጉዞ ወደ ከምባታ ይወጣል። በከምባታና በወላይታ ወሰን ላይ አጃንቾና ሶኬ የተባሉ ወንዞች ጎን ለጎን የሚወድቁበትን የአጆራን መንታ ፏፏቴ ያያል። በማግስቱ የሀምበሪቾን 777 ደረጃዎች ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ አገሩን ይቃኛል። ጉዞው ከመስቀል ሰሞን ጋር ከገጠመለት በከምባታ መሳላን፣ በሀዲያ ያሆዴን ከሕዝቡ ጋር ያከብራል፤ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራውን አታካና ይቀምሳል። የሐሩር ባሕር መርከብ ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ማሳየት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሀዲያና የከምባታ ደጋ ውሃን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚከፍል ነው። በምዕራብ የዘነበው ወደ ጊቤና ኦሞ፣ በምሥራቅ የዘነበው ወደ ብላቴ ይወርዳል። ኦሞ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ብላቴ መጨረሻው አባያ። ሁለቱም ውቅያኖስ አይደርሱም። ይህን ጉዳይ ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። የብዙ አገር ጎርፍ አፈሩን ወደ ባሕር አውጥቶ ይጥለዋል። ከእኛ ማሳ የተነሣው አፈር ግን በራሳችን ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ የግድቡን ሆድ ይሞላል፣ የዓሣውን መራቢያ ይደፍናል፣ ጀልባው የሚቆምበትን ዳርቻ ጭቃ ያደርጋል። የአባያ ውሃ ቀይ ቡናማ የሆነው ከደጋ በሚወርድለት ደለል ነው፤ ከዚያ አፈር ውስጥ የእኛም ድርሻ አለበት።

ርቀን ሳንሄድ የሻሾጎን ወረዳ እንመልከት። የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ የውሃ ወፎችና የጉማሬ ቤት ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ግን በክረምት የሻሾጎን ገበሬዎች ማሳና ቤት ያጥለቀልቃል። ከጣና የምንማረውም አለ። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጀልባ አንቀሳቃሹም ዓሣ አጥማጁም ተቸግሯል። አረሙን ያፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የገባው ንጥረ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ተሰብስቦ አረም መንቀል የግድ ሆኖ ስንት ሕዝብ እንደ ደከመ አይተናል፤ የምንጩ መድኃኒት ግን ከላይ ነበር።

ለዚህ ችግር አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን መልስ እንሰት ነው። እንሰት ዓመት ሙሉ በማሳ ላይ ይቆማል። ሰፊ ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ በፍግ የዳበረው አፈር በሥሩ ተይዞ ይኖራል። ዋሳ (ቆጮ) ሆኖ ቤተሰብን ይመግባል፤ ቆሞ ሳለ ደግሞ ተዳፋትን ይጠብቃል። ሆኖም መሬቱ እየተከፋፈለ ጠቧል፤ የአጠውልግ በሽታ እንሰቱን ይጥለዋል፤ በየጊዜው በሚታረስ ሰብልና በባሕር ዛፍ የተተካው ማሳ በዝቷል። ከምባታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ እያንዳንዷ ካሬ ሜትር ትታረሳለች። እንዲህ ላለ ገበሬ ለጀልባ ተጓዥ ሲባል ተዳፋትህን ተወው ማለት ግፍ ነው። ተዳፋቱን ሲጠብቅ የሚከፈለው ከሆነ ግን ነገሩ ፍትሕ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ክፍያ ነው። አውስትራሊያ ከእያንዳንዱ የኮራል ጎብኚ በቀን የተወሰነ ገንዘብ በጀልባ ባለቤቶች በኩል ትሰበስባለች፤ ገንዘቡ የባሕር ፓርኩን ለማስተዳደር ይውላል። እኛም በጊቤ ውሃ ላይ ከሚሸጥ እያንዳንዱ ትኬት የታወቀ ድርሻ እንቁረጥ፤ ድርሻው እርከን ለሚሠራው፣ ቦረቦር ለሚደፍነው፣ በሽታ የሚቋቋም የእንሰት ችግኝ ለሚተክለው ይድረስ። እንሰት ፍቆና ዋሳ አብላልቶ ቤቱን የሚያቆመው የእናቶች ጉልበት ስለሆነ ገንዘቡ በእነርሱም እጅ መግባት አለበት። ሒሳቡ በየቀበሌው በአደባባይ ይነበብ።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከዚህ ከተማና ከአካባቢዋ እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድዷል። በመንገድ የቀሩትን ሁላችን እናውቃለን፤ በየሰፈሩ ድንኳን ተተክሎ አልቅሰናል። የደረሱት የላኩት ገንዘብ ደግሞ የሆሳዕናንና የዱራሜን ፎቆች አቁሟል። ያ ገንዘብ ከሕንፃ በተጨማሪ በጀልባ፣ በማረፊያ ቤትና በአስጎብኚነት ሊውል ይችላል። በሶሮ፣ በጊቤና በጠምባሮ ወረዳዎች የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በውጭ ያሉት አክሲዮን ገዝተው፣ የውጭ ባለሀብቱም ከእነርሱ ጋር ሸሪክ ሆኖ ይግባ። ወጣቱ በዳርቻው ካፒቴን፣ መካኒክ፣ ምግብ አብሳይና የወፍ አስጎብኚ የሚሆንበት ዕድል ካገኘ በደላላ እጅ የሚወድቅበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሦስተኛው ደንብ ነው፤ ደንቡም ከመጀመሪያው ጀልባ በፊት ይውጣ። የግድብ ውሃ እንደ ዝናቡና እንደ ኃይል ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ማረፊያው ተንሳፋፊ መሆን አለበት። የሽንት ቤት ፍሳሽና ያገለገለ ዘይት ወደ ውሃ መድፋት ይከልከል። ያለ ሕይወት አድን ጃኬት ማንም ሰው አይሳፈር። ዓሣ የሚራባበት ዳርቻ ይከለል። ሕግ የመንግሥት ወረቀት ብቻ ሆኖ ከቀረ እንደማይጸና እናውቃለን፤ በሀዲያና በከምባታ ሰውን የሚያስር «ሴራ» የተባለ ባህላዊ ሕግ አለን፤ ሽማግሌዎቻችን ይህን ውሃና ይህን ተዳፋት በሴራው ውስጥ ያስገቡት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ወደ ውሃው የሚገባውን ደለል በየክረምቱ እየለካ ለሕዝቡ ያሳውቅ፤ ያልተለካ ነገር አይጠበቅምና።

ይህ ሥራ ቀርፋፋ ነው፤ የሪዞርት ግንብ እንደሚያስጨበጭበው ያህል እርከን አያስጨበጭብም። ነገር ግን ግንቡ በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ የታጠበ አፈር ግን ለልጅ ልጅም አይመለስም። የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። ማንም ባለሀብት የጊቤን ዳርቻ ሲጠይቅ፣ ስለ ሆቴሉ ኮከብ ከመነጋገራችን በፊት ከላይ ስላሉት ቀበሌዎች ውል ይፈረም። ውሉን የማይፈርም ቢመለስ አይጎዳንም፤ ተዳፋቱ ደኅና ከሆነ ውሃው ይጠብቀናል፤ ሌላ እንግዳም ይመጣል። ተዳፋቱ ከተሸረሸረ ግን የትኛውም ጀልባ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚያሳየው አይኖረውም።