ፊልምን ለዓይነ ስውራን መተረክ



አንድ ትዕይንት ላቅርብላችሁ። ሴትዮዋ ደብዳቤ ታነባለች፣ ትቀደዋለች፣ ቁርጥራጩን ፍራሽ ስር ትደብቃለች። ባሏ ይገባል። ዓይኑ ከፍራሹ ጠርዝ ብቅ ያለች ብጣሽ ወረቀት ላይ ያርፋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ቃል አልተነገረም። ከቤተሰቡ ጋር ፊልሙን የሚከታተለው ዓይነ ስውር ወንድማችን የሰማው ወረቀት ሲቀደድና በር ሲከፈት ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሲደነግጥ «ምን ሆነ?» ይላል፤ መልሱን እስኪሰማ ደግሞ ቀጣዩ ንግግር ያመልጠዋል።

የድምፅ ገለጻ ይህን ክፍተት የሚሞላ ሙያ ነው። ተዋንያኑ ዝም ባሉባቸው ጥቂት ሰከንዶች ተራኪው ገብቶ «ቁርጥራጩን ፍራሽ ስር ደበቀችው። ባሏ ገባ። ብጣሿን አያት» ይልና ዝም ይላል። «ባሏ ጠረጠረ» አይልም። መጠርጠሩን መገመት የአድማጩ ድርሻ ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ብጣሿንም ባልየው ሳያያት አስቀድሞ አያነሳትም፤ የደራሲው ምስጢር ያለጊዜው ይወጣልና። የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሙያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሽንግተን በሚገኘው አሬና ስቴጅ ቴአትር ቤት የበርናርድ ሾው ተውኔት «ሜጀር ባርባራ» በድምፅ ሲገለጽ ከሥራው ጀርባ የነበረችው ማርጋሬት ፋንስቲል ራሷ የማየት ችግር ነበረባት። በ1990 የቦስተኑ ጣቢያ ደብሊው ጂ ቢ ኤች አገልግሎቱን በቴሌቪዥን ጀመረ። ይህም ሆኖ በ2015 ኔትፍሊክስ «ዴርዴቪል» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ሲለቅ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዓይነ ስውር ጠበቃ ሆኖ ሳለ፣ ገለጻ አልነበረውም። ዓይነ ስውራን ድምፃቸውን አሰሙ፤ ብዙም ሳይቆይ ገለጻው ተጨመረ። ሳይጠይቁ የተሰጣቸው ነገር ጥቂት ነው።

አገራችን ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ ቴሌቪዥን፣ ፊልምና ቴአትር ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ሙያው አይከብደንም፤ በሬዲዮ ድራማ አድማጭን በጆሮው ብቻ ሲያስለቅሱ የኖሩ ደራስያንና ተዋንያን አሉን። የሚጎድለን ቁርጠኝነት ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንደ ምጽዋት የሚጣል ገንዘብም አያዋጣም። የገለጻው ወጪ ከካሜራውና ከመብራቱ ወጪ ጋር አብሮ በበጀት ይያዝ፤ ዳይሬክተሩም የገለጻውን ጽሑፍ ራሱ ይይ። ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ዓይነ ስውር ባለሙያ ሰምቶ ያርመው፤ እንደማንኛውም አርታኢ ይከፈለው፤ ስሙም ከሌሎቹ ባለሙያዎች ጋር ይጻፍ።