ምረቃና ርክክብ፤ ከኮልቾ የተገኘ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ እንጂ ስለ ሃይማኖትና ስለ ባህል ሥርዓት ምን አገባው የሚል በመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እንዲሁ ባይ ነበርሁ። ሐሳቤን የለወጠው መጽሐፍ ሳይሆን በደቡብ ኦሞ፣ ኮልቾ በተባለች መንደር የፈጸምሁት የራሴ ስሕተት ነው።

ኮልቾ የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ካሮዎች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ቋንቋቸው ከሐመሮች ቋንቋ ጋር የተቀራረበ ሕዝብ ናቸው። መንደሪቱ የቆመችው በገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ቁልቁል ሲመለከቱ ኦሞ እንደ ዘንዶ ተጠማዝዞ ሲያልፍ ይታያል። ውኃው ለዓይን ቅርብ ነው፤ ተሸክማ ለምትወጣው ሴት ግን ሩቅ ነው፤ ዳርቻውም አዞ አያጣውም። ወደዚያ የሄድሁት ከተመረቅሁ ብዙም ሳልቆይ የእጅ ፓምፕ ለመትከል ነበር።

ሥራው በተያዘለት ጊዜ ተጠናቀቀ። ሽማግሌዎቹም በየከብት በረቱ ያሉት ሰዎች እስኪሰበሰቡ ድረስ ጥቂት ቀን እንድንታገሥና ውኃው እንዲመረቅ ጠየቁን። እኔ ግን መኪናው የተፈቀደልኝ እስከ ማግሥቱ ብቻ ስለ ነበር ጥያቄውን እንደ ትርፍ ነገር ቈጠርሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሪባን ተቈረጠ፤ ተጨበጨበ፤ የውኃ ኮሚቴ አባላት ስም ተጻፈ፤ የጣት አሻራቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ አሳረፍሁና ወደ ጂንካ ተመለስሁ።

ከወራት በኋላ ስመለስ ፓምፑ ቆሟል። የተበላሸው በጥቂት ብር የሚገዛ አንድ ጎሚኒ ነበር። መለዋወጫውና መፍቻው በተውሁላቸው ሣጥን ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ሣጥኑ አልተከፈተም። አንዱን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ለምን አልጠገናችሁትም?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሣጥኑ የአንተ ነው፤ ማን ይነካዋል? ትተኸው ሄድህ እንጂ መቼ ሰጠኸን?» አሉኝ። አሻራ ያለበትን ወረቀት ባስታውሳቸው፣ «እርሱንም ይዘኸው ሄደሃል» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። በዚህ ጊዜ ጠብቁ ያሉኝን ጠበቅሁ። በተቀጠረው ቀን ሽማግሌዎቹ በክብ ተቀምጠው አሸር ቡና በቅል ቀረበ። ታላቁ ሽማግሌ ከቡናው ተጎንጭተው በከንፈራቸው ወደ ፓምፑ እፍ እያሉ ረጩ፤ መልካም መልካሙን ሲጠሩ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ከዚያም ሁለት ጎልማሶች በሕዝብ ፊት ተጠርተው መፍቻውን ተረከቡ። ያን ጊዜ ያየሁት፣ እኔ ፈጽሜዋለሁ ብዬ ሪፖርት ያደረግሁትን ርክክብ ነው።

አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ሽማግሌ ይመርቃል፤ ተማሪ ይመረቃል፤ ሕንፃም ይመረቃል። አንዱ ቃል ለሦስቱም የሚያገለግለው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሰው ወይም ሥራ ከነበረበት ደረጃ ወደ ሌላው ማለፉን ሕዝብ የሚመሰክረው በምረቃ ነውና። እኛ ግን ቃሉን ይዘን ፍሬውን ጥለነዋል።

ፈረንሳዊው ሊቅ አርኖልድ ቫን ዤኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የልዩ ልዩ ሕዝቦች የሽግግር ሥርዓቶች በጠቅላላው ሦስት ክፍል እንዳላቸው አስረድቷል፤ ይኸውም ከቀድሞው መለየት፣ በደጃፍ ላይ መቆየትና ወደ አዲሱ መግባት ነው። የሐመሮች የከብት ዝላይ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ጐልማሳው ለጋብቻ የሚበቃው ጎን ለጎን በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ተመላልሶ ሲሮጥ ነው። ዘመዶች የሚጠሩትም ቋጠሮ ባለው ገመድ ነው፤ የተጠራው ሰው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየፈታ ቀኑን ይጠብቃል። የሥራ መርሐ ግብር እንዲህ ሲከበር በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሁልጊዜ አይታይም!

ይህ ነገር የደቡብ ኦሞ ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ግድግዳው ቆሞ ጉልላቱ ቢሰቀልም ታቦት እስኪገባበት ድረስ በምእመናኑ ዘንድ ገና ቤተ ክርስቲያን አልሆነም። ሙስሊሙ ውዱእ ሳያደርግ ለሶላት አይቆምም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የገዳ ሥርዓትም ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሸጋግራል። እምነቱ ይለያያል፤ ሥርዓቱ የሚሠራው ሥራ ግን ይቀራረባል። ኃላፊነት ከወረቀት ወጥቶ በሰው አካልና በሕዝብ ዓይን ላይ ያርፋል።

የሙያ ጓደኞቻችንም ይህን የተረዱበት ጊዜ አለ። በካናዳ፣ በኩቤክ ከተማ አጠገብ ይሠራ የነበረው ታላቅ የብረት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1907 ተደርምሶ 75 ሠራተኞች አለቁ። ድልድዩ የሚሸከመው የራሱ ክብደት ከእውነተኛው አሳንሶ ተሰልቶ ነበር። በ1916 ደግሞ የመካከለኛው ክፍል ወደ ላይ ሲሳብ ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ። የዚያ ትዝታ ሳይደበዝዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የካናዳ መሐንዲሶች ለጀማሪዎቻቸው የቃል ኪዳን ሥርዓት አቆሙ፤ ቃሉንም እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ደረሰላቸው። ጀማሪው ቃል ሲገባ በሚሠራበት እጁ ትንሽ ጣት ላይ የብረት ቀለበት ያጠልቃል፤ ሲነድፍና ሲፈርም ቀለበቱ ጠረጴዛውን እየነካ ቃሉን ያስታውሰዋል። እነዚህ ሰዎች ስሌት የማያውቁ አልነበሩም። ስሌት ብቻውን ሕሊናን እንደማያስር ግን ተገንዝበዋል።

ይህን ስል ሥርዓት ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። በዚያው በካሮ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ነበር። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ፣ ወይም ልማዱ ከሚፈቅደው ውጭ የተወለደ ልጅ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ይህ በምንም ቋንቋ ሊደገፍ አይችልም። ነገር ግን እንዴት እንደ ቀረ ልብ እንበል። ከካሮ የተወለደውና ዘመናዊ ትምህርት ከቀሰሙት ቀደምት ልጆቻቸው አንዱ የሆነው ላሌ ላቡኮ ሽማግሌዎቹን በትዕግሥት ሲያግባባ ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. የካሮ ሽማግሌዎች ራሳቸው ልማዱ እንዲቀር በይፋ ወሰኑ። ክፉ ሥርዓት ከሥሩ የሚነቀለው ባለቤቶቹ ሲነቅሉት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ኦሞ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ካለበሰ በኋላ ሲሸሽ፣ ካሮዎች በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ጎርፉ ለእነርሱ የውኃ መጠን ብቻ አልነበረም፤ የዓመቱ ሰዓትም ነበር። የዘር ቀን፣ የመከር ወቅት፣ ለድግሱ የሚጠመቀው የማሽላ ጠላ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው የግቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን ያ ዓመታዊ ጎርፍ ቀርቷል። ሀገራችን ብርሃን እንደሚያስፈልጋት የማያምን መሐንዲስ በዚህ አዳራሽ የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን በሥዕላችን ላይ ጎርፉን በኪዩቢክ ሜትር በሴኮንድ ስናሰፍር፣ ያ መስመር የአንድ ሕዝብ የዘመን መቁጠሪያ መሆኑን ስንቶቻችን አውቀን ነበር? ማሽላው በመስኖ ሊተካ ይችል ይሆናል፤ በወንዙ መሙላትና መሸሽ ይቈጠር የነበረውን ዓመት ግን ቦይ ቈፍረን አንመልሰውም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የምንሠራላቸው ሰዎች ሥራውን በራሳቸው ሥርዓት የሚረከቡበት ቀን በሥራ መርሐ ግብራችንና በዋጋ ዝርዝራችን ውስጥ ይግባ። የሚያስወጣው የጥቂት ቀን አበልና ቡና ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ጀማሪ መሐንዲሶችን ሲቀበል የአባልነት ደብተር ከማደል አልፎ፣ በአንጋፎቻቸው ፊት ቃል የሚገቡበትን ሥርዓት ያቁም። መልኩን ከካናዳ መዋስ አያስፈልገንም፤ ምረቃ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየቀያችን አሉን።

ያ የኮልቾ ፓምፕ ከምረቃው በኋላም ተበላሽቶ ያውቃል። ዜናውን የሰማሁት ግን ሁለቱ ጎልማሶች ሣጥኑን ከፍተው ከጠገኑት በኋላ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ጎሚኒ እንድልክላቸው ወደ ጂንካ መልእክት በሰደዱ ጊዜ ነው።